ቀይ ክር የታሰረባቸው

እናቴን ከሰው ጋር መካፈል አልችልም ነበር። የጎረቤት ሕፃን አቅፋ ካየኋት ሆዴን ያመኛል፤ ከሌላ ልጅ ጋር ከሳቀች ምሳዬን አልበላም። «አኩራፊዋ» የሚለውን ስም ያወጡልኝ የኩሽናው ሴቶች ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ መዝገብ ላይ ያለውን ስሜን የሚጠራው አስተማሪዬ ብቻ ነበር፤ እሱም አንዳንዴ ይስት ነበር።

እናቴ የአዳሪ ትምህርት ቤት ዋና ምግብ አብሳይ ነበረች። ሁለት መቶ አርባ ልጆችን በቀን ሦስት ጊዜ ታበላለች። እኔና እሷ የምንኖረው ከኩሽናው ጀርባ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው፤ ሌላ ሰው አልነበረንም። ሁለት መቶ አርባውን ልጆች እንኳ ችዬአቸው ነበር። ከዚያ ሁሉ መሐል ማንን ለይቼ ልጥላ? ያልቻልኳት ልጅ አንዲት ናት፤ እሷም የትምህርት ቤቱ ልጅ አይደለችም።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ተበልቶ ሲያልቅ እናቴ ሽርጧን ትፈታለች፤ ፊቷን ትታጠባለች፤ ከንፈሯን ቅባት ታስነካለች። ከዚያ እጄን ይዛ ከከተማው ጫፍ፣ ወንዙ ዳር ወዳለው የአትክልት ቦታ እንሄዳለን። መንገዱ ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ወደ መጨረሻው ስንቃረብ እርምጃዋ ስለሚፈጥን እኔ በሩጫ እከተላታለሁ። ለእኔ ሲባል እንዲህ ተቸኩሎ አያውቅም እያልኩ በልቤ አጉረመርማለሁ።

አትክልተኛዋ ረጅም፣ ቀጭን፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ የማይለያት ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቦታውን የምታለማው ከአንዲት ልጇ ጋር ነው። እናቴን ከሩቅ ስታያት ዶማዋን ትጥልና፣ «መጣሽ አንቺ ቀጣፊ! ሌሊቱን ሙሉ በሕልሜ ሽንኩርቴን ስትሰርቂኝ አደርሽ» ትላታለች። እናቴ ትስቃለች። ቤት ውስጥ በቀን አሥር ቃል የማይወጣት ሴት እዚያ ስትደርስ አፏ አይገጥምም ነበር።

ከዚያ መደብ ዳር ቁጢጥ ብለው የሳምንቱን ምግብ ያወጣሉ። በሌላ ትምህርት ቤት የምግብ ዝርዝር ቢሮ ተቀምጦ በወረቀት ላይ ይወጣል። የእኛ ግን የሚወጣው ጭቃ ላይ ነው።

«ጎመኑስ?» ትላለች እናቴ።

«ማክሰኞ ይደርሳል።»

«እንግዲያው ማክሰኞ ጎመን ነው። ቀይ ሥሩስ?»

«እሱን ተይው፣ ገና ነው። ልጆቹ እስከ ሐሙስ ቢጠብቁ አይሞቱም።»

«የግዢ ሠራተኛው ዛሬም ነዝንዞኛል። በመኪና ላስመጣልሽና ሁሉም በአንድ ቀን ይግባልሽ ይለኛል።»

«ምን አልሽው?»

«ደጄ ላይ የሚበቅል እያለ ሁለት ቀን መኪና ላይ የተንገላታ አትክልት ለልጆቹ አላበላም አልኩት። እሱ ግን ‹ያቺ ሴትዮሽ አንድ ወቅት ካሮት ካጣች ከዚያ በኋላ አልሰማሽም› አለኝ።»

«ካሮትማ አናጣም» ትላለች አትክልተኛዋ። ይህን ስትል ግን አትስቅም።

ካሮቷ ሌላ ቦታ አይገኝም ነበር። አጭር፣ ወፍራም፣ መልኩ ጠቆር ያለ፣ ሲነክሱት የሚንኮሻኮሽ። ዘሩን ለእሷ የሰጠቻት እናቷ ናት፤ ለእናቷ ደግሞ የእናቷ እናት። አትክልት ሲያዩ ፊታቸውን የሚያዞሩት የእኛ አዳሪዎች ይህን ካሮት ጥሬውን ከኩሽና እየሰረቁ ይበሉት ነበር። እናቴም ሲሰርቁ አይታ እንዳላየች ታልፋለች።

ያቺ ልጅ እንግዲህ የአትክልተኛዋ ልጅ ናት። ፊት ጥርሷ ፍንጭት ስለሆነ «ፍንጭት» ነው የሚሏት። ከእኔ በአንድ ዓመት ትበልጣለች። የውሃ መሳቢያውን ሞተር ገመዱን ስባ ብቻዋን ታስነሳለች፤ ችግኝ ታዛውራለች፤ የአፈሩን እርጥበት በጣቷ ትለካለች። እናቴ እሷን ስታይ ዓይኗ ይበራል። «አንቺ ጎበዝ! እስቲ እጅሽን ልየው» ትላታለች። የፍንጭትን ሻካራ መዳፍ ይዛ ስታገላብጥ እኔ አጠገቧ ቆሜ አለሁ፤ እጄ ንጹሕ ነው፤ ማንም አይጠይቀውም። ለእኔ የምትለኝ «ፀጉርሽን ሰብስቢ» እና «ጫማሽን ከጭቃ አውጪ» ነው።

ከሁሉም የባሰኝ የካሮቱ ጉዳይ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ለእኛ የምትይዘው ጠማማውን፣ ሁለት እግር ያበቀለውን፣ ዶማ የነካውን ነው። ቆንጆው እዚያው ይቀራል። አንድ ቀን፣ «ለምንድን ነው ሁልጊዜ ጠማማ የምንበላው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ሆድ ውስጥ ሲገባ ማን ያየዋል?» አለችኝ።

«ቆንጆውን ማን ይበላዋል ታዲያ?»

«ቆንጆው አይበላም» አለች። ለፍንጭት የተሸሸገ መሰለኝ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳየው መልሱ ከዚያ በላይ ግልጽ ሊሆን አይችልም ነበር፤ እኔ ግን ሌላ ጥያቄ እየጠየቅሁ ነበር።

ቀይ ሹራብ ነበረኝ። እናቴ ራሷ የሠራችልኝ፣ ደረቱ ላይ ሁለት ኪስ ያለው። አንድ እሑድ ከሰዓት ከጨዋታ ስመለስ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ስትተረትረው አገኘኋት። አንዱ እጅጌ አልቋል። ክሩን በጣቶቿ ላይ እየጠቀለለች ነው።

«የእኔን ሹራብ!» ብዬ ጮህኩ።

«ጠቦሻል እኮ። እምብርትሽ እየታየ ልትሄጂ ነው?»

«ክሩን ምን ልታደርጊው ነው?»

«ሥራ አለኝ» አለች። እሷ መቼም ማብራራት አይሆንላትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራው ምን እንደሆነ አየሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት ካሮቱ ሁሉ ተነቅሎ ለትምህርት ቤቱ ገብቶ ነበር። ባዶው መደብ ላይ፣ እዚህም እዚያም፣ ጥቂቶች ብቻ ቆመው ቀርተዋል። እናቴና አትክልተኛዋ ጎንበስ ብለው በየአንዳንዱ ቅጠል ሥር ቀይ ክር ያስራሉ። ፍንጭት ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች ታቀብላቸዋለች። የእኔን ሹራብ በጥርሷ!

«ስንት ሆኑ?» አለች እናቴ።

«ሃያ ሁለት። ከሁሉ የሚበልጡት እነዚህ ናቸው። ከእንግዲህ እኔም አልነካቸውም፣ አንቺም አትነኪያቸውም።»

«ለልጅሽ ይሁኑ» አለች እናቴ፤ ቀና ብላም የፍንጭትን ራስ ዳበሰች። «አንቺ ነሽ የምትወርሻቸው። ሰማሽ?»

ሰማሁ። ምርጥ ምርጡ ካሮት፣ በእኔ ሹራብ ክር ታስሮ፣ በእናቴ እጅ፣ ለፍንጭት። ዓይኔ ደም ለበሰ ማለት ያን ቀን ነው የገባኝ። ወደ ቤት ስንመለስ እጄን ልትይዝ ስትል ነጠቅኋት። «ደግሞ ምን ሆንሽ አኩራፊዋ?» አለችኝ። «ምንም» አልኩ።

ካሮት መሬት ውስጥ ሲቆይ እንደሚያብብና ዘር እንደሚሰጥ አላውቅም ነበር። ጥሩ ካሮት የሚያበቅል ዘር የሚሰጠው ደግሞ ምርጡ ነው፤ ገበሬ ምርጡን ከበላ በየዓመቱ እያነሰ፣ እየጠመመ ይመጣበታል። በዚያ ላይ ያለፈው ዓመት አበባ ዘሩ ሳይደርቅ በረዶ መትቶት ነበር። አትክልተኛዋ የቀራትን የመጨረሻ ፍሬ ሁሉ ዘርታ፣ ከዚያ መሐል ሃያ ሁለቱን ነበር የመረጠችው። ይህን የነገረችኝ ኩሽና ውስጥ ድንች የምትልጠው ሴትዮ ናት፤ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር ያኔ። ነገሩ ካለቀ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት እናቴ ሁለት እስር ቆስጣ እንዳመጣ ላከችኝ። ስደርስ በሩ ክፍት ነው። «እትዬ!» ብዬ ተጣራሁ። መልስ የለም። ከታች የውሃ መሳቢያው ሞተር ይንደቀደቃል፤ ውሃው በቦዩ ይወርዳል። ሃያ ሁለቱ ፀሐይ ላይ ቆመዋል፤ ክራቸው ደምቋል።

አስቤ ያደረግሁት አይደለም ብል ደስ ይለኝ ነበር። አስቤበታለሁ። ከሹራቤ ክር ጀመርኩ። እየፈታሁ ኪሴ ከተትኩት፤ የእኔ ነውና። ከዚያ ካሮቱን ነቀልኩ። መሬቱ ረጥቦ ስለነበር ያለ ችግር ወጣ። እያንዳንዱን ስነቅል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ እቆጥራለሁ። ቦርሳዬ እንዲይዝልኝ ቅጠላቸውን ጠምዝዤ ቆረጥኩና ወንዝ ውስጥ ጣልኩት። ቦዩ ውስጥ ሳጥባቸው በጣም ያምሩ ነበር። ቆስጣውን ረሳሁት።

ኩሽና ስገባ እናቴ ለእራት ሾርባ እየከተፈች ነበር። ድስቱ ይፈላል፤ መስኮቱ በእንፋሎት ታውሯል። ሳላናግራት ከፊቷ ባለው ሣጥን ውስጥ ከተረፉት ጠማማዎች ላይ ቦርሳዬን ገለበጥኩት። እሷ ድንች ላጯን እየተቆጣች ስለነበር አላየችኝም። እጇ በልማድ ሄዶ አንዱን አነሳ፣ ከተፈ፤ ሌላውን አነሳ፣ ከተፈ። እናቴ ስትከትፍ ቢላዋ አይታይም ነበር። እፍኝ በእፍኝ ወደ ድስቱ ይገባል። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እግሬን እያወዛወዝኩ አያለሁ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ወደ መጨረሻው ላይ አንዱን ቆርሳ ወደ አፏ አደረገች። አኘከች። ፊቷ ፈካ። «አቤት!» አለች፣ ለራሷ። «እንዴት ያለ ካሮት ነው!» ከዚያ አንዷን ቁራጭ በቢላዋ ጫፍ አነሳችና ወደ እኔ ዘረጋች፤ «እንኪ የእኔ እመቤት፣ ቅመሺ።» በሕይወቴ እንደዚያች ቁራጭ የጣፈጠኝ የለም።

ቢላዋው ቆመ። በእጇ የቀረችውን አንዲት ካሮት ወደ ብርሃን ይዛ አገላበጠቻት። አጭር፣ ወፍራም፣ ቀጥ ያለች። ቅጠሏ የተጠመዘዘበት ቦታ ላይ ቀይ የክር ብጣሽ ተጣብቋል።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«እኔ ነኝ ያመጣሁት» አልኩ፣ በኩራት። «ቆንጆውን እኛም እንብላ ብዬ።»

«ስንት ነው ያመጣሽው?»

«ሁሉንም።»

ወደ ድስቱ አየች። ከዚያ ጨው ጆንያ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታችኝም። ሽርጧን ፈትታ ሚስማሩ ላይ ሰቀለች፣ ድንች ላጯን «ጨው አትርሺ» አለቻትና ወጣች።

ተከተልኳት። አጥሩ ጋ ስደርስ ከቁጥቋጦው ጀርባ ቆምኩ። ሩቅ ስለሆነ ቃል አይሰማም። አትክልተኛዋ ባዶው መደብ ላይ ቆማለች፤ ዶማዋን ልታስሞርድ ሄዳ ገና መመለሷ ነበር። እናቴ ከፊቷ ተንበርክካለች። እናቴ፣ የግዢ ሠራተኛውን እንኳ ቀና ብላ የምትናገረው፣ ጭቃ ላይ ተንበርክካለች። አትክልተኛዋ አንድ ነገር ተናገረች፤ እናቴ ራሷን ነቀነቀች። አትክልተኛዋ እንደገና ተናገረች፤ ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ቤቷ ገባች። ፍንጭት ሞተሩ አጠገብ ቆማ ወደ እኔ ታያለች።

ለፍንጭት ካሮት ብላ ተንበረከከች አልኩ። ለእኔ ለማን ተንበርክካ ታውቃለች? ይህን ቂም ይዤ ነው ያደግሁት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቤት ሆነ። እናቴ ፀጉሬን ትሠራኛለች፤ ልብሴን ትተኩሳለች፤ አጠገቤ ትቀመጣለች። የምፈልገውን አገኘሁ። አሸነፍኩ ብዬ ለአሻንጉሊቴ ነገርኳት። እናቴ ግን ከንፈሯን ቅባት ማስነካት ተወች፤ ቀድሞ አሥር የነበረው ቃል ወደ አምስት ወረደ። ካሮት በመኪና መምጣት ጀመረ። ረጅም፣ እኩል እኩል፣ ጠማማ የሌለበት ካሮት ነው። ልጆቹ ሾርባ ውስጥ እየለቀሙ ሳህናቸው ጠርዝ ላይ ይደረድሩታል። ካሮቱ በገባበት በር ጎመኑም፣ ሽንኩርቱም ተከትሎ ገባ። ከአራት ዓመት በኋላ የአትክልት ቦታው ለብሎኬት አምራች ተሸጠ።

ድንች ላጯ የዘሩን ነገር በነገረችኝ ቀን ሮጬ እናቴ ጋ ሄድኩ። «ለምን አልመታሽኝም?» አልኳት።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አለችና ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች። ያን ቀን ለአትክልተኛዋ ምን እንዳለቻት አልጠየቅኋትም። ልጄ ናት ያጠፋችው ብላ የተናገረች መስሎኝ ነበር፤ ስለዚህ ዓመታት ሙሉ እነሱን መንገድ ላይ ካየሁ ወደ ማዶ እሻገር ነበር።

አሁን አርባ አንድ ዓመቴ ነው። አትክልት የምገዛው ካለማው ሰው እጅ ብቻ ነው፤ ለዚህም ብዬ ቅዳሜ ቅዳሜ በሁለት አውቶቡስ ገበሬዎች ራሳቸው ወደሚሸጡበት ገበያ እሄዳለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ይቀልዱብኛል፤ ለአፈሩና ለአየሩ የምጨነቅ አድርገው የሚያመሰግኑኝም አሉ። እጨነቃለሁ፤ አልዋሽም። ግን በየመደቡ ላይ ጎንበስ የምለው ያን አጭር፣ ወፍራም ካሮት ፍለጋ ነው። እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ባለፈው ወር ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው። አንዲት ሴት ጎመን እያሰረች፣ «አኩራፊዋ!» ብላ ስትጮህ ቀና አልኩ። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ጥርሷ ግን ያው ነው። ቁራሽ መሬት ተከራይታ ታለማለች። ከሣጥኖቹ ጀርባ በርጩማ ስባ አስቀመጠችኝ።

«እትዬስ?» አልኳት።

«ዓምና አረፈች።»

ከዚያ ሠላሳ ሁለት ዓመት አፌ ላይ የነበረው ወጣ። «ፍንጭት፣ ያን ካሮት…»

«አውቃለሁ» አለች። «ሞተሩ ጀርባ ነበርኩ። አብሬሽ ነው የቆጠርኩት።»

«አየሽኝ? ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ጎመኑን ማሰር አቆመች። «እናትሽ ቅዳሜ ስትመጣ እናቴ እኔን አታየኝም ነበር። ‹ውሃ ቅጂ፣ ክር አቀብዪ› ነው። ከእናትሽ ጋር እንደምትስቀው ከእኔ ጋር ስቃ አታውቅም። ስትነቅዪ ሳይሽ ንቀዪ፣ ንቀዪ አልኩ በሆዴ። ከተጣሉ የእኔ ብቻ ትሆናለች ብዬ።»

«እናቴ የእኔ ጥፋት እንደሆነ አልነገረቻትም?»

«እንዴት፣ አታውቂም?» ዓይኗ ፈጠጠ። «እናትሽ እኮ ‹እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ ከተፍኳቸው› ነው ያለችው። እንግዳ መጣብኝ፣ አነሰኝ አለች። እናቴም ‹አንቺ? ራስሽ ያሰርሽውን? ሕፃን አድርጎት ቢሆን ይቅር እል ነበር፤ አንቺ ግን ታውቂያለሽ› አለቻት። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር።»

«ከዚያስ? የአንቺ ሆነች?»

«ቅዳሜ ሲሆን በሩ ላይ ወጥታ መንገድ መንገዱን እያየች ትቀመጥ ነበር። አጠገቧ ስቀመጥ ‹አንቺ ግቢ› ትለኛለች። እስክትሞት እናትሽን ስታነሳ ‹ያቺ ከሃዲ› ነበር የምትለው፤ ብሎኬት አምራቹ አጥር እስኪሠራ ድረስ ግን ቅዳሜ በሩ ላይ መቀመጥ አልተወችም።»

ገበያው እስኪበተን ተቀመጥን። ሁለታችንም አላለቀስንም። ሁለት ቀናተኛ ሴቶች፣ ጎመን መሐላችን።

እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። ያን ቀን ማታ ወንበሬን ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት፤ ፍንጭት ማየቷን፣ ዝም ማለቷን፣ ቅዳሜዎቹን፣ የአትክልተኛዋን ሞት። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

«ቅዳሜ ትጠብቀኝ ነበር?» አለች በመጨረሻ።

«አዎ፣ እማዬ።»

«እኔ ደግሞ ልታየኝ የማትፈልግ መስሎኝ።» እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ይሁን። አንቺም ልጅ ነበርሽ፣ እሷም ልጅ ነበረች፤ እናንተስ ይቅር ተባብላችኋል። ለእሷ ግን አሁን ማን ይንገርልኝ?»